በሩን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም

ይድረስ ሐርቡ ላለችው እህቴ ለበድሪያ።

እታለም፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ለሶላት ስትነሳ ግድግዳውን ትለማመጣለች? ኢክራ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ አባቷ በድድ ነው የምትከራከረው? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። እግሬ አልታመመም፣ መቀመጥ ጠላ እንጂ። ይህን ደብዳቤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጀመርኩት፣ አሁን የጎማ ካርቶን ላይ ነኝ፣ መጨረሻው ሲኒማ ራስ ቆሜ ሳይሆን አይቀርም።

ለምን አልደወልክም ትዪኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ገና «እታለም» ስል ትስቂያለሽ፤ አንዴ ከሳቅሽ ደግሞ የምነግርሽን አታምኚም። ወረቀት ላይ ግን ብትስቂም መልሰሽ ታነቢዋለሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዓርብ አረፋ ነው፣ አሠሪዬ ጋሼ ሙህዲን ዒድ ሙባረክ ሊሉሽ ይደውላሉ። ሰላምታው ሲያልቅ ስለ እኔ ይጠይቁሻል፤ «ላቆየው ወይስ ወደ እናንተ ልመልሰው?» ይሉሻል። እዚህ ስገባ ዋስ የሆንሽኝ አንቺ ነሽና ያልሽው ይሆናል። ስለዚህ ከእሳቸው በፊት ከእኔ ስሚ።

ሱቃችን ሶማሌ ተራ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሥራችን የመኪና በር ጎማ መቀየር ነው፤ አቧራና ዝናብ እንዳይገባ በበሩ ዙሪያ የሚለጠፈውን። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ አንድ ነገር አየሁ። በጣም ጥብቅ ናቸው። መስታወቱ ሁሉ ተዘግቶ የመጨረሻውን በር በአንድ ጣት ብቻ ስትዘጊ ውስጥ ያለው አየር ይጨናነቅና በሩን መልሶ ይገፋዋል። ከመስታወቶቹ አንዱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ ግን አየሩ በዚያ ይወጣል፣ በሩም በትንሽ ጣት ይዘጋል። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ቀን ውስጥ ሆኜ ጎማ ስለጥፍ አብሮኝ የሚሠራው ነስረዲን በሩን ሲያላትመው ጆሮዬ ጢው አለ፤ ያኔ ነው የገባኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አውቄ ዝም እንደማልል ታውቂያለሽ። ከተሸካሚዎቹ ጉልበተኛውን እመርጥና «እስቲ ይህን በር በአንድ ጣት ዝጋ» እለዋለሁ። በሩ ይመልሰዋል። እንደገና ይሞክራል፣ ያልበዋል። እኔ «ቆይ ላናግረው» ብዬ በወዲያኛው በኩል እዞርና እግረ መንገዴን መስታወቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ተመልሼ እጀታው ላይ አንሾካሹኬ በትንሿ ጣቴ ስነካው ጭፍ ይላል። በሳምንት ውስጥ «ጠሀ በር ያስራል፣ በር ይፈታል» ተባለ። አንዲት ቅመም ነጋዴ የሱቄ ቁልፍ አልከፍት አለኝ ብላ አስጠራችኝ። ብሄድ ቁልፉን ገልብጣ ነው የከተተችው። አቃንቼ ከፈትኩላት፤ ግን መጀመሪያ አንሾካሾክኩበት። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም፣ አሁን ገብቶኛል።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ዘከሪያ የሚባሉ ጨርቅ አስመጪ አዲሷን መኪናቸውን እኛ ጋ አቆሙ። ለጋሼ ሙህዲን ግማሹን ደንበኛ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ለአረፋ ቤተሰባቸውን ይዘው ወራቤ ሊወርዱ ነው፤ «አቧራ የሚገባበትን ሁሉ ድፈኑልኝ» አሉ። እኚህ ሰው በር የሚያላትም ሰው ጠላታቸው ነው። ታክሲ ውስጥ የሰው በር ሲጮኽ እንኳ ደረታቸውን ይይዛሉ።

የኋላውን ፓራውልት፣ የግጭት መከላከያውን፣ ፈተን ብናወርደው ከሥሩ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ በያንዳንዱ ላይ ስስ የጎማ ክዳን ተንጠልጥሎበታል። «ጋሼ፣ ይህን ፋብሪካው አውቆ ነው የሠራው፣ ባንነካው» አልኩ። ጋሼ ሙህዲን አየት አደረጉኝና «ፋብሪካው ወራቤ ሄዶ ያውቃል?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነስረዲን የታዘዘውን አደረገ፤ ስፖንጅ ጠቅጥቆ ሲሊኮኑን እንደ ማርማላታ ቀባበት። እኔም ሳቄን ሳልጨርስ ፓራውልቱን መልሼ አሰርኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሼ ዘከሪያ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሀፍሷና ከሕፃኗ የልጅ ልጃቸው ከአፍራ ጋር መጡ። ገቡ። ጋሼ ዘከሪያ እንደ ልማዳቸው በሩን በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት። መለሰው። ደግመው ሳቡት፣ ግማሽ ይዞ ቆመ፤ መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። ጋሼ ሙህዲን «አዲስ ጎማ ነው፣ እስኪለምድ ነው» እያሉ በዳሌያቸው ገፉት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ አንዱ ተሸካሚ መጥቶ ጓ አደረገው። ተዘጋ። ሕፃኗ ጆሮዋን ይዛ እሪ አለች፣ እትዬ ሀፍሷም «ጆሮዬን ደፈነኝ» ብለው ወረዱ። ጋሼ ዘከሪያ ደረታቸውን ይዘዋል።

እታለም፣ ያኔ ተራው በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

«ጠሀ፣ ያሰርከውን ፍታ» አለ ተሸካሚው። እትዬ ሀፍሷ ደግሞ የምራቸውን ነው፤ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ለዒድ ነው የምንሄደው፤ ምን አድርገንህ ነው ያሰርክብን? ፍታልን» አሉኝ። ወላሂ እኔ አይደለሁም አልኩ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ወደቁ፤ ባለፈው ሳምንት ለቀልዱም ወላሂ ብዬ ነበራ። አንቺ ስትቆጪኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። እሺ ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፤ «አየሩ ነው፣ ይኸው እዩ» ብዬ አንዱን መስታወት ዝቅ አድርጌ በሩን በትንሿ ጣቴ ገፋሁት። ጭፍ አለ። «ይኸው» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ፣ «እሱ ነው ያልናችሁ»። እውነቱን ባሳየሁ ቁጥር ይበልጥ አሳሪ ሆንኩ።

መስታወት ከፍተው ይሂዱ እንዳልል አቧራውን ፈርተው ነው የመጡት። የአየሩ መውጫ ከኋላ የደፈንነው ቀዳዳ ነው፣ እሱ መከፈት አለበት። ወደ ጋሼ ሙህዲን ዞር ብዬ «ጋሼ፣ የኋላው...» ስል ፊታቸው ተለወጠ። ገብቷቸዋል። ያዘዙት ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ፤ ግን ጋሼ ዘከሪያ ፊት ለፊታቸው ቆመዋል፣ ተራው በሙሉ ይሰማል። «የኋላው ምን? ደግሞ ፓራውልት አስፈትተህ ሌላ ነገር ልትሠራ? ሥራው አልቋል» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ሥራው እንዳለቀ ሰው አልነበረም። ነስረዲንን አየሁት። የሲሊኮኑን ቱቦ ይዞ ጫማውን ያያል።

ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ መሰለሽ። ለአንድ ዓመት ተራውን የሚያስቅ ነገር። ዋጥኩትና «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «አንድ ሰዓት ስጡኝ፣ ከኋላ ነው ያሰርኩት፣ እፈታዋለሁ።»

ለጽድቅ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። ካሰርኩ ነው መፍታት የሚፈቀድልኝ፤ ሌላ መንገድ አጣሁ። ያቺን ሕፃን በተደፈነ ጆሮ ወራቤ ድረስ ልሸኛት አልቻልኩም። ደግሞ ጋሼ ሙህዲን ከሐርቡ ስመጣ ስንተኛ ክፍል ነህ ሳይሉ «ግባ» ያሉኝ ሰው ናቸው። እንደዚያ ሲያልባቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ማየትም አልፈለግሁም።

ከነስረዲን ጋር ፓራውልቱን አወረድን። ስፖንጁን እንደ በሰበሰ ጥርስ ነቀልነው፣ ሲሊኮኑን ክዳኖቹ ሳይቀደዱ በጥፍራችን ፋቅነው። ከዚያ ቀዳዳው ላይ ሶፍት አንጠልጥዬ ነስረዲንን በሩን ዝጋ አልኩት። ክዳኑ ወደ ውጭ ብድግ ብሎ ሶፍቱ በረረ፣ ተመልሶም ገጠመ። ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይከፈትም፤ አየር ያስወጣል፣ አቧራ አያስገባም። ፋብሪካው ወራቤን ያውቃል ማለት ነው። ይህን ግን ጮክ ብዬ አላልኩም፣ ለአንቺ ብቻ ነው። ነስረዲን ሦስት ጊዜ ከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋ።

ጋሼ ዘከሪያ ገብተው በሁለት ጣት ሳቡት። ተዘጋ። አፍራ እንኳ አልሰማችውም። እትዬ ሀፍሷ «ሁለተኛ እንዳታስር፣ አላህ ይምራህ» ብለው መረቁኝ፤ እርግማን ይሁን ምርቃት እስካሁን አላወቅሁትም። ጋሼ ዘከሪያ ግን መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው ለጋሼ ሙህዲን «በደንበኛ ንብረት የሚጫወት ልጅ ቤትህ ካለ እኔ ሁለተኛ እዚህ አልቆምም» አሏቸውና ሄዱ።

ጋሼ ሙህዲን ወደ እኔ ሳያዩ «ዋሱ እህቱ ናት፣ ለእሷ ደውዬ እወስናለሁ» አሉ። ከዚያ ጀምሮ መኪና እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጎማ እለያለሁ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። እነሳለሁ፣ እስከ ራጉኤል እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የለየሁትን እደባልቅና እንደገና እለያለሁ። ተሸካሚዎቹ «በር አሳሪው ታሰረ» ይሉኛል። ጥሩ ቀልድ ነው፤ እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እል ነበር። ነስረዲን ትናንት ምሳ ጋበዘኝና ሳይበላ እኔን ሲያይ ቆየ። «ልናገር ወይ?» አለኝ። ባለፈው ጥር ልጅ ወልዷል፤ ከተናገረ ደፋኙ እሱ መሆኑም አብሮ ይወጣል። «ከተናገርክ የቤትህን በር ነው የማስርልህ» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ የኔን ድርሻ ሁሉ በላ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ አዲስ መኪና መጣ፣ ባለቤቱ እንደዚሁ አቧራ አቧራ ይላል። ነስረዲን ፓራውልቱን ሊፈታ ሲያጎነብስ ጋሼ ሙህዲን «የኋላውን ተወው» አሉት። «ለምን?» አለ ባለመኪናው። «መተንፈሻዋ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ እኔ ሦስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። አንገታቸውን አላዞሩም፣ ጆሯቸው ግን ቀልቶ ነበር። ስለዚህ ያውቃሉ፣ እታለም። እያወቁ ነው የሚደውሉልሽ። ጋሼ ዘከሪያን ለማጣት ይፈራሉ፣ እኔንም ለማባረር ያፍራሉ፤ ከሁለቱ አንዱን አንቺ እንድታነሺላቸው ነው።

የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። እውነቱን አውቃለሁ እንዳትያቸው፤ ያፈረ ሰው ሱቁ ውስጥ እኔን እያየ መዋል አይችልም። «አቆየው» ብቻ በያቸው። ና ካልሽኝም እመጣለሁ፣ አላኮርፍም። ግን ስምንተኛ ክፍልን ጥዬ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ሳይነግረኝ ያወቅሁት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ሐርቡ ይዤው ብመጣ የምሠራበት መኪና የለም። ሁለተኛው ደግሞ አንቺ እንድታምኚኝ ነው። ተራው በሙሉ ቢስቅብኝ ግድ የለኝም፣ አንድ ሰው ግን ማወቅ አለበት።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ባህረዲን የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነገ ኮምቦልቻ ዕቃ ሊያራግፍ ይነሳል። የበሩን ጎማ ባለፈው ወር የቀየርኩለት እኔ ነኝ፣ ካቢኑ ጥብቅ ነው። ካላመንሽኝ ከመሄዱ በፊት አስቁሚው። ሁለቱን መስታወት ዘግተሽ በሩን ቀስ ብለሽ ግፊው፤ ይመልስሻል። ከዚያ የወዲያኛውን መስታወት ሁለት ጣት ዝቅ አድርጊና እንደገና ግፊው። እኔ አጠገብሽ የለሁም፣ እጅሽ የሚነግርሽን እመኚ። የባልሽን የኢምራንን ሚኒባስ ግን እንዳትሞክሪበት፤ የሱ በር ተዘግቶም ክፍት ነው።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስታነቢላት መሀሉን ዝለይውና ከሰላምታው ወደ ሰላምታው አሻግሪያት። ለኢምራን ዒድ ሙባረክ በይልኝ፣ የአረፋውን በግ ከመግዛቱ በፊት ጥርሱን ይይ፤ ያለፈው ዓመቱ ከእማዬ ጋር እኩያ ነበር። ለካሚላ ፈተናዋን እንዳትኮርጅ ንገሪያት፣ ከኮረጀችም ከኔ ደብተር አይሁን። ኢክራን ሁለቱን ጉንጭ። ዓርብ ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊውና ሲጮኽ ቶሎ አንሺው፤ እኔ እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሜ የጋሼ ሙህዲንን ፊት አያለሁ።

ወንድምሽ ጠሀ
መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ማክሰኞ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.