የድቡ ድምፅ

ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ልጄ ሐናን የምትወደውን ተከታታይ ካርቱን ጋዜጣው አብጠልጥሎታል። ስለ አንድ ድብ ከተሠሩት ፊልሞች ተወስዶ ቢሠራም እንደ እነሱ አያስቅም፤ የድቡም ድምፅ ተቀይሯል ይላል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

እኛ ቤት ድቡ የሚናገረው በባሌ በሰዒድ ድምፅ ነበር። ፊልሞቹን ሲያሳያት የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ ድቡን እንደ ኮሶዬ ገበሬ «ምነው አያ፣ ማሩን ብቻህን?» ያሰኘው ነበር። ለንግድ ካርቱም ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ።

ዛሬ ካርቱኑ ሲጀምር ሐናን ድምፁን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አንቺ አናግሪው።»

ሞከርኩ። ጥቂት አዳምጣኝ፣ «ተይው፤ አባዬ እስኪመጣ ዝም ይበል» አለችኝ።

ድቡ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ሁለታችንም እስከ መጨረሻው አየነው።