ገመድ የታሰረለት ድንጋይ

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ። ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ሰባት ጓጉንቸር፣ ሦስት ኪሎ ሚስማር፣ ሁለት የበር ማጠፊያ ተሸጠ። አንድ ጓጉንቸር በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ ተመለሰ፤ ገዢው ቁልፎቹን ሁሉ ውስጥ ትቶ በሩን ቆልፏል፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው ይላል።

ውድ እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ትራገሚያለሽ? እናታችንስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከላይ ያለውን የጠዋት ዝርዝር እለፊው፤ የምጽፍልሽ ከዕለት ማስታወሻዬ ላይ ነው፣ እጄ ደግሞ ሳይቆጥር መጻፍ አይጀምርም። ያልደወልኩት በስልክ አንቺ ፊት ማንም ሰው ጀምሮ ስለማይጨርስ ነው። ወረቀት ቢያናድድሽም እስከ መጨረሻው ይናገራል።

ነገሩ የልጅሽ ነው። ባለፈው እሑድ ደውላልኝ ነበር። የቅየሳ ትምህርቷ የተግባር ልምምድ ላይ ደርሷል፣ ቦታው ደግሞ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሦስት ጊዜ አርፍዳለች፤ አንድ ቀን ከደገመች ከስም ዝርዝር ወጥታ ዓመቱን እንደምትደግም መምህሯ ነግሯታል። ሞተርሽ ግን ጆንያ ለብሳ ጓሮ ቆማለች። ስጪኝ ብትልሽ «አጥንትሽን ከመንገድ የምለቅምበት ጉልበት የለኝም» አልሻት አሉ። አማልደኝ ብላኛለች። እኔ ግን ለምልጃ አልጻፍኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ይዤው የቆየሁት ነገር ስላለ ነው።

ሞተርሽ እማማ ሳል ያኔም አሮጊት ነበረች። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ሳትታይ ሳሏ ይሰማ ነበርና። አንቺ ጠዋት ጠዋት በእሷ እየዞርሽ ሕፃናት ትከትቢያለሽ፤ ስትመለሺ ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ትሰቅይዋለሽ። ቁልፉ ካለ እወስዳለሁ፣ ከሌለ አልጠይቅም። ሕጋችን ይኸው ነበር። ሸሚዜ በነፋስ ተነፍቶ፣ ደብተሬ ደረቴ ውስጥ ተሸጉጦ ቁልቁለቱን ስወርድ ከእኔ በላይ ሀብታም ያለ አይመስለኝም ነበር። ደብተሬ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይል ስለነበር የሂሳብ መምህራችን «የአንተን ፈተና ሳርም ሲጋራ አላጨስም» ይለኝ ነበር።

ማስነሻዋ ስለሚንሸራተት ሜዳ ላይ ከቆመች እንደማትነሳ ታስታውሻለሽ። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙረን፣ የፊት ጎማዋን በድንጋይ አስደግፈን እናቆማት ነበር። መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ድንጋዩን በእግር መግፋት። በመጨረሻው ፈተና ቀን፣ አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽ፣ ቸኮልኩና ድንጋዩን አስቀድሜ አነሳሁ። እማማ ሳል እኔን ትታ ብቻዋን ወረደች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ታች ያለው አናጢ ግቢ ገብታ የሰጋቱራ ክምር ውስጥ ተቀበረች። የግራ መስታወቷ ረገፈ፣ መብራቷ ተሰነጠቀ።

ስመልስልሽ አህያ ረገጣት አልኩሽ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ከሰንሰለቷ ላይ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ አወጣሽና «አህያው አናጢ ነው?» አልሽኝ።

በማግስቱ ሚስማሩ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። ቁልፉ እንደተሰቀለ ነው። ወደ ውጭ ስወጣ ደግሞ ድንጋዩ በገመድ ታስሯል፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ መሪዋ ላይ፤ ተቀምጦ የሚሳብ። ተቀመጥኩና ገመዱን ሳብኩ። አንቺም አልተናገርሽ፣ እኔም አልተናገርኩ። አሁን ልናገር፦ አህያ አልነበረም፣ እኔ ነኝ።

በዚያው ክረምት ነው በክትባት መንገድሽ ያሉ ቤቶች በራቸውን በጨርቅ እንደሚያስሩ ያየሁት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጓጉንቸሮች ለእነሱ ሸጬ ያደረስኩት በእማማ ሳል ነው። ቁልፉን ያን ቀን ብታነሺው አልፈርድብሽም ነበር፤ ይህ ሱቅ ግን አይኖርም ነበር። የምኖረው ጓጉንቸር ሸጬ ነው፣ ሰው ሰውን እንደማያምን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያጠፋን ሰው በማግስቱ ያመነ ግን ከአንቺ በቀር አላየሁም። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ዘግይቼ ብናገረውም ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም።

ልጅሽ ምናልባት ትወድቅ ይሆናል። አልዋሽሽም። ግን ማን እንዳስተማረኝ አውቃለሁና ሁለት ቅዳሜ ሜዳው ላይ ራስሽ አስተምሪያት፣ ከዚያ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ስቀይው። ሌላውን ለእሷ ተዪላት።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለልብስ ሰፊው ባለቤትሽ፣ የላከው ሱሪ ርዝመቱ ልክ ነው፣ ወገቡ ግን የድሮውን እኔን አስቦ የተሰፋ ነው በይልኝ። አናጢው በሕይወት ካለ ሰላም በይው፤ እሱ እንኳ አላጋለጠኝም። ልጅሽን «መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ከዚያ ሳቢ» ብሎሻል አጎትሽ በያት።

ወንድምሽ

የነገ ሥራ፦ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ሄልሜት፣ የፍሬን ሸራ፣ የግራ መስታወት መግዛት። ከራሴ መደርደሪያ ሦስት ሜትር ገመድ መቁረጥ። ሁሉንም ከሦስት ሰዓት በፊት ለጭነት መኪናው ሹፌር ማስረከብ።