የዲኤክሷ ፍሬን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ሙቀቱ ዛሬም አልቀነሰም። ማሾ ለቀምኩ። ልብስ አጠብኩ።

ሰሀር ከአጣዬ የመጣችው ሊመሽ ሲል ነው። ስታስተምር ቆማ ትውላለች፣ ሚኒባሱ ሞልቶ መንገዱንም ቆማ መጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ "እማ፣ የሙሀሲን መኪና ግቢ ውስጥ ዶሮ ታስፈለፍላለች፣ እኔ በሰው ብብት ሥር እሄዳለሁ" አለች። እውነቷን ነው። ዶሮዋ ዲኤክሷ ሥር ነው የምትጥለው። ሰሀር መንጃ ፈቃድ ካወጣችም ሁለት ዓመት አልፏታል።

"ፍሬኗ አልቋል" አልኳት።

"ትልቁ ፍሬን አልጋሽ ሥር አለ አይደል?"

አለ። ወንድሟ ሙሀሲን ነው የገዛው፣ ከሌላ መኪና የወለቀ። "እናቴ፣ ይሄ ከገባላት ባለችበት ቀጥ ነው የምትለው" ብሎኝ ነበር። ሳያስገባው መጋቢት ላይ ሞተ። በዲኤክሷ አይደለም። የሰው ጭነት መኪና ይዞ የጣርማበርን ቁልቁለት ሲወርድ... ፍሬን እምቢ አለው።

ለዛሬ ይበቃል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ለሰሀር ቁርጡን ነገርኳት። ፍሬኑ ገብቶ፣ ቀጥ ስትል በዓይኔ ካላየሁ፣ መኪናዋ ከበር አትወጣም።

"ጋራዥ እንውሰዳታ።"

በየትኛው ፍሬን ተነድታ? እዚሁ ግቢ ይሠራል አልኩ።

ኸይረዲንን ጠራነው። የሙሀሲን ጓደኛ ነው፣ ጎሚስታ፤ ጎማ ሲያስተካክል ይውላል። ፍሬን ትችላለህ ወይ አልኩት። "እትዬ አሲያ፣ ጎማ በፈታሁ ቁጥር ፍሬን አያለሁ" አለ።

ማየትማ እኔም አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አሮጌውን ፈታው። አዲሱን ከጆንያ ሲያወጣ፣ ከሁለቱ መያዣ ብረቶች አንዱ ላይ በጥፍር ቀለም ተጽፏል። "የእናቴ" ይላል። ሌላው ላይ ምንም የለም።

ሰሀር ጮኸች። "ቀዩ ቀለሜ! እኔ እኮ ጎረቤት ነው ያማሁት!"

ሽንኩርት ልልጥ ብዬ ገባሁ። ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ።

ስወጣ ሁለቱንም ብረቶች በግራና በቀኝ አስሯቸዋል መሰለኝ... አይ፣ ገና ነበር። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ እምቢ ብሎታል። የመሀሉ ቀዳዳ ጠቦ ቦታው ላይ አይቀመጥም። መዶሻ አነሳ። ቁም አልኩት። ዝገት መሆኑ ያስታውቃል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አምጥቼ ፈተግኩት፣ የሚቀመጥበትንም ፈተግኩ። እንደ ክዳን ገጠመ።

"እትዬ አሲያ፣ ጋራዥ ይክፈቱና ይቅጠሩኝ።"

"ጎሚስታ አልቀጥርም" አልኩት።

ከዚያ ፍሬኖቹን አሰረ፣ ጎማውን መለሰ። ጎማው ገባ፣ ግን አይዞርም። ፍሬኑ ትልቅ፣ የጎማው ብረት፣ ቸርኬው፣ ትንሽ... ብረት ከብረት ተናከሰ።

"ትንሽ ብሞርደውስ?"

"ምኑን?"

"ፍሬኑን።"

ልጄን የሚያቆም ብረት አይሞረድም አልኩ። ሰሀርን ማለቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዶሮዋ ተመልሳ ገብታለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ኸይረዲን ከጀውሃ ሰፋ ያለ ቸርኬ ይዞ መጣ። ለክቶ አየው። ዞረ። በፍሬኑና በቸርኬው መካከል የትንሽ ጣቴ ውፍረት ይገባል። እኔም በጣቴ አረጋገጥኩ።

ቀጥሎ አየር ማስወጣት። የፍሬን ዘይቱ መሐል አየር ከቀረ ፍሬኑ አይይዝም አለ። ጎማዎቹን አልመለሰም። እኔ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሱ መሬት ተኝቶ የአየር መውጫዋን ቡሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ይርገጡ!"

"ረገጥኩ።"

"ይያዙ!"

"ያዝኩ።"

"ይልቀቁ... ኧረ አይልቀቁ! ገና ነኝ!"

በቢስሚላህ ነበር የጀመርነው። ሁለት ጠርሙስ ዘይት አለቀ። ፔዳሉ ግን እስከ ወለሉ ይወርዳል።

"አየሩ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት።

"አላህ ያውቃል።"

እሱማ ያውቃል። ያላወቅነው እኛ ነን።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ዛሬም ስረግጥ ዋልኩ። ጉልበቴ አበጠ። ፔዳሉ ሊጥ ነው።

ሰሀር አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። "ትሸጥ በቃ፣ እማ። በሚኒባስ እሄዳለሁ።"

ፔዳሉን ደግሜ ረገጥኩ። በማን ሚኒባስ? በማን ፍሬን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ልብስ ሳሰጣ ቀዩ ጽሑፍ ታየኝ። በቀኝ በኩል ነው ያለው። ቆሜ አየሁት። ለምን በቀኝ?

ኸይረዲን ጋ ደወልኩ። "'የእናቴ' የሚለውን ለምን በዚያ በኩል አሰርከው?"

"እናት ጋቢና አይደል የምትቀመጥ፣ እትዬ? ከሹፌሩ ጎን።"

ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም። ሙሀሲን በዲኤክሷ ሰው ሲያመላልስ ከኋላው ነበር የምቀመጠው። ሲፈጥን ኮሌታውን እይዘዋለሁ። ተሳፋሪ ይስቅብኝ ነበር። እሱም ይስቃል፣ ግን ይቀንሳል።

"የኔ ጎን በግራ ነው፣ ሙሀሲን የጻፈው ለግራ ነው" አልኩት።

መፍቻ ሲያነሳ በስልኩ ተሰማኝ። ከዚያ "መጣሁ" አለ።

መጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አየ፣ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አስሯል። ስለዚህ የአየር መውጫዋ ቡሎን ከላይ መሆን ሲገባት ከታች ሆናለች። አየር ላይ ላዩን ነው የሚሰበሰበው፣ እኛ ከታች እየከፈትን ዘይት ስናፈስ ከረምን።

"እኔ እኮ ጎሚስታ ነኝ፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

አቀያየራቸው። አዲስ ዘይት ጨመረ። ረገጥኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። አየሩ አረፋ እየደፈቀ ወጣ። አሥር ጊዜ ያህል እንደረገጥኩ ፔዳሉ መሀል ላይ ቆመ። ድንጋይ።

"ይልቀቁ።"

ትንሽ ቆየሁ።

"እትዬ አሲያ... አልቋል እኮ። ይልቀቁ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ጎማዎቹ ገቡ። ሰሀር ነዳች፣ ኸይረዲን ጋቢና፣ እኔ ቦታዬ። በመጀመሪያ ሰፈር ውስጥ በቀስታ፣ እየቆምን እየተነሳን። ከዚያ የጀውሃን መንገድ ያዝን።

ጀውሃ ልንደርስ ስንል ግመሎች አስፋልቱን አቋረጡ። ሰሀር ረገጠች። መኪናዋ ባለችበት ቀጥ። ግንባሬ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጨ። ግመሎቹ ዞር ብለውም አላዩን።

 ከዚያ ሰሀር፣ "እማ፣ ኮሌታዬን ልቀቂው፣ አነቅሽኝ" አለች።

ይዤው ኖሯል?

ኸይረዲን መስኮት መስኮቱን እያየ ያለቅስ ነበር። አፍንጫውን ሲጠርግ፣ "አቧራ ነው" አለ። አስፋልት ላይ ነን።

ግንባሬ አብጧል። ደግ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሰሀር ብቻዋን አጣዬ ሄደች። በሩን እኔ ከፈትኩላት።

"ስደርስ ልደውል?"

"ክፍል ይረፍድብሻል፣ ሂጂ" አልኳት።

ዙህር ሰግጄ ለሙሀሲን ዱዓ አደረግኩ። ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ።

ስነሳ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ሰሀር ስትገባ እንኳ አልሰማሁም።