«እማማ ላጲስ»፦ የሣሉትን የምርጫ መስመር ሊያጠፉ የተነሡት እናት

አያታችን ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው ሰፈር ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የካርታ ሥራ ተማሩ። «ይቺ ለጌጥ ነው የመጣችው» ላሏቸው የክፍል ጓደኞቻቸው አንደኛ በመውጣት መለሱላቸው።

በ1964 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ የካርታ ክፍል ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውቶቡስ ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

የከተማዋን የምርጫ ክልሎች ካርታ በ1970 ዓ.ም. የነደፉት እሳቸው ናቸው። ከሐዲዱ በላይ ላለው ሰፈር ሦስት ተወካይ፣ ለታችኛው አንድ ደረሰው። ያኔ ታች የነበረው አብዛኛው ሣር ስለሆነ ማንም አልተበደለም። ኋላ ፋብሪካ ተከፈተ፣ ቤት በቤት ላይ ተደራረበ፣ የታችኛው ሕዝብ ከላይኛው በለጠ፤ መስመሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ታችኛው ሰፈር ውሃ ሲጠይቅ፣ መንገድ ሲጠይቅ፣ በምክር ቤቱ ሦስት ለአንድ ይሸነፍ ጀመር።

አያታችን በ2002 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ መስመሩ እንደገና ይሣል ብለው አመለከቱ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ አሮጌውን ካርታ ዘርግተው፣ «ፊርማው የማን ነው?» አሏቸው።

«የኔ ነው። ሣሩን ግን የት አደረጋችሁት?»

«ታዲያ እማማ፣ ላጲስ ይዘው መጥተዋል?»

ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ዕለት ነው፤ እሳቸውም ወደውት ነበር።

አዲሱን ረቂቅ የሣሉት ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይለያይ ለዓመታት በየመንደሩ በእግራቸው እየዞሩ፣ ነዋሪውን እየጠየቁ ነው። ከላይኛው ሰፈር ሰው ጋር ጠብ አልነበራቸውም። ትምህርት ቤታችን ይረሳብናል የሚል ስጋት ሲነሣ አዳምጠው፣ ትምህርት ቤቱንና አካባቢውን ሳይነጣጥሉ በአንድ ክልል አስገብተዋል። እዚያው የሚኖሩት ታላቅ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ወንበራችንን ልትወስጂብን ነው?» ቢሏቸው፣ «ያንተ ከሆነ ቤትህ ወስደህ ተቀመጥበት» ብለዋቸዋል። እርስዎ የሚኖሩበትን መንገድ ብቻ ወደ ላይኛው ክልል እንውሰድልዎ ተብለው በምክር ቤቱ ሰዎች ሲለመኑም፣ «እኔን አሻግራችሁ ጎረቤቶቼን ልትተዉ? አይሞከርም!» አሉ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ምክር ቤቱ ለረቂቁ ውይይት ቀን በቆረጠ በሳምንቱ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ምክር ቤቱ ሐዘናችሁን ላክብር፣ ውይይቱን ላልተወሰነ ጊዜ ላራዝም ብሎናል። ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ አይቀበልም። በረቂቁ እስከዛሬ የማይስማሙት ታላቅ ልጃቸውም እንኳ መራዘሙን ተቃውመዋል። ውይይቱ በተያዘለት ቀን፣ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ይካሄድ። ረቂቁን ሴት ልጃቸው ያቀርባሉ። በዚያ ሰዓት ልታጽናኑን የምትመጡ ወዳጆቻችን ቤት አታገኙንም፤ ያለነው ምክር ቤቱ አዳራሽ ነው። ወንበር ከጠፋ ቆማችሁ አጽናኑን።

ፈጣሪ የእሳቸውን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። እኛን ግን ለጊዜው አያሳርፈን።