ቅዳሜ ቅዳሜ የነገርሁህ ድራማ

ፈንታሁን፣ የኔ ሰው፤

ከተለያየን ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። ለሰው ዓመት አለፈው እያልሁ ነው የምናገረው፤ ላንተ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ግን መምህር ነህና በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርብኛለህ ብዬ ቀኑን ቆጥሬ መጣሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ከደንበኞቼ ጋር እጨቃጨቃለሁ ማለቴ ነው። ሌላውን አንተው ታውቀዋለህ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን መክሊት ወልዳለች። ወንድ ነው፤ ግንባሩ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ከአሁኑ ሊከራከር የተዘጋጀ ይመስላል። በክረምቱ የሳሎኑ ጣሪያ ስላፈሰሰ የቀርከሃ መደርደሪያህን ወደ መኝታ ቤት አዛወርሁት። መጻሕፍቱ አልረጠቡም፣ አይዞህ። አንተ በቁመታቸው ነበር የደረደርሃቸው፣ እኔ በቀለማቸው ደረደርኋቸው፤ ከፈለግህ ተቆጣ። ሱቅ ውስጥ አንተ ትቀመጥባት በነበረችው አግዳሚ ላይ አሁን ደንበኞች ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ሲቀመጥባት ሳይ ተነስ ልለው ይቃጣኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ቴሌቪዥኑን ግን ከሞትህ ከጥቂት ወር በኋላ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ዛሬ የጻፍሁልህ ለወሬ አይደለም። ጳጉሜ ገብቷል። ቆሰበር ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፣ እኔም ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ዓመት በመጣ ቁጥር ካነበብነው አንድ መጽሐፍ፣ በቴሌቪዥን ካየነው ደግሞ አንድ ነገር እየመረጥን የምንጽፍበት ያ ጥቁር ደብተራችን። መክሊት "የሽልማት ኮሚቴው ተሰበሰበ" እያለች ትስቅብን ነበር። አንዱ የመረጠውን ሌላው ባይወደውም በሚቀጥለው ዓመት እስከ መጨረሻው ሊታገሰው ይገባል፤ ሕጋችን ይኸው ነበር።

ንባባችን የተጀመረው ዳንግላ ነው። ሱሪህን ልታሳጥር መጥተህ፣ እስኪያልቅልህ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ መጽሐፍ ገለጥህ። እኔም ይሄ ሰው ለራሱ ብቻ ነው እንዴ የሚያነበው ብዬ ጮክ ብለህ አንብብ አልሁህ። ሥራ የያዘው እጄ ነው፣ ጆሮዬ ቦዝኖ ነበር። አነበብህልኝ፤ ሱሪውን ከሚገባው በላይ አሳጠርሁት፣ አንተም ምንም ሳትል ለብሰኸው ሄድህ። ከዚያ ወዲህ አንተ ታነባለህ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። ልብሱን ተቀብሎ ታሪኩ ሳያልቅ አልወጣም ያለን ደንበኛ ስንቱ ነው። የፍቅር ቦታ ላይ ስትደርስ ጉሮሮህን ትጠርግና ገጽ ትዘላለህ። የዘለልኸውን እኔ በኋላ ለብቻዬ አነበው ነበር። ይሄንንም ዛሬ ነው የምነግርህ።

አንድ ዓመት ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ መጽሐፍ የዓመቱ ምርጥ ነው ብለህ አስገባህ። ልብ ወለድ ያልሆነ አይቆጠርም ብዬ ጳጉሜን ሙሉ አኮረፍሁ። ሕግ ሕግ ነውና እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ዛሬ ስለ ንብ አውራ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ በአዊ ዞን ያለ አይመስለኝም። እኔም በተራዬ የምግብ ዝግጅት ውድድር መረጥሁና ዓመቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲከተፍ ስታይ ከረምህ። ሁሉም ደብተሩ ላይ አለ፣ ባንተ ደህና ጽሕፈትና በኔ ጫጭር። የመጨረሻው ዓመት ገጽ ብቻ ባዶ ነው። ጳጉሜ ሳይገባ ሄድህ፤ ቤቱም በለቀስተኛ ተሞልቶ ከረመ።

ስለዚያ ገጽ ነው ልናዘዝልህ የፈለግሁት።

ያን ክረምት ስኳሩ መጀመሪያ ዓይንህን ያዘው፣ ቀጥሎ አልጋ ላይ ጣለህ። መጽሐፉን እኔ ላንብብልህ ብልህ አነባበብሽ ልክ እንደ ስፌት መኪናሽ ነው ብለህ ሳቅህብኝ። የቀረን ያ የወፍጮ ቤቱ ድራማ ነበር፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት የውሃ ወፍጮ ተጣልተው፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ ሌላው ከወንዙ ወዲያ የሚኖሩበት። አንተ ድምፃቸውን ትሰማለህ፣ እኔ ፊታቸውን እነግርሃለሁ። ታላቅየው አሁን ፊቱን አጠቆረ፣ ታናሽየው አንገቱን ደፋ እያልሁ። ከዚያ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ሰፈሩ በሙሉ መብራት አጣ። አንተ ግን ድራማው እንዲቋረጥብህ አልፈለግህም። ቅዳሜ ከሰዓት ሲደገም ላይኛው ሰፈር ጓደኛዬ የሻረግ ቤት ሄጄ እንዳይ፣ መጥቼም እንድነግርህ አዘዝኸኝ። ሁለት ቅዳሜ ሄድሁ፣ አይቼ በታማኝነት ነገርሁህ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የሻረግ ቤትም መብራት ጠፍቶ ደረስሁ። በባጃጅ ተመለስሁ። በሩን ስከፍት ገና ነጠላዬን ሳላወርድ አንገትህን ከትራሱ ቀና አድርገህ "እህሳ?" አልኸኝ። ቀኑን ሙሉ ያችን ነገር ስትጠብቅ ነው የዋልኸው። ምንም የለም ማለት አቃተኝ። ጎርፍ መጥቶ የወፍጮውን መዘውር ሰበረው አልሁህ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። አንተም ደስ አለህ፣ ማን ሊጠግነው ነው ብለህ እስከ እራት ስታሰላስል ቆየህ።

እዚህ ጋ ብቻ ብቆም ኃጢአቴ ቀላል ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሻረግ ቤት መብራት ነበረ። እኔ ግን አልሄድሁም። ሱቄ ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጠርዝ እየሰፋሁ ድራማውን ራሴ ፈጠርሁት። ያን ያደረግሁት በስንሻው ምክንያት ነው።

ወንድምህ ስንሻው ለእናታችሁ ቀብር ሳይደርስ ቀረ። አንተ ከዚያ ቀን ጀምረህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስሙ በቤታችን እንዳይነሳ ከለከልህ። "እናቱን ያልቀበረ ወንድም የለኝም" አልህ፣ አለቀ። እኔ ግን እውነቱን ከሚስቱ ሰምቼ ነበር። ከጫግኒ ወደ ቆላ እህል ሊገዛ ወርዶ ኔትወርክ በሌለበት አገር ነበር። መርዶውን እንደሰማ ሲሮጥ መጣ፤ በቀብሯ ማግስት እናታችሁ ያረፈችበት ጥሊሊ ደርሶ ከመቃብሯ አፈር ላይ ብቻውን ሲያለቅስ ዋለ። ወደ ሐዘን ቤቱም መጥቶ ነበር፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አንተ ስለሱ የምትናገረውን ሰምቶ ተመለሰ። ይሄን ልነግርህ ስንቴ አፌን ከፈትሁ መሰለህ። ስሙን ገና ስጀምረው ተነስተህ ትወጣለህ።

ዓይንህ ጠፍቶ፣ እግርህ ታስሮ፣ ተነስተህ መውጣት በማትችልበት ጊዜ ነገሩን ድራማው ውስጥ አስገባሁልህ። የወንድማማቾቹ እናት ሞተች አልሁህ። ታናሽየው ከወንዙ ማዶ ነበር፣ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፣ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ማግስቱን ተሻግሮ መቃብሯ ላይ ብቻውን ሲያለቅስ ዋለ፣ ወደ ወንድሙ ቤት ግን ሊገባ አፈረ። ያን ሁሉ ስነግርህ ነጠላዬን ጨምድጄ ይዤ ነበር። ስጨርስ፣ ታላቅየው ምን አለ ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እዚያ ላይ ነው የተቋረጠው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው አልሁህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። እንቅልፍ የወሰደህ መስሎኝ ልወጣ ስነሳ ተናገርህ።

"ስንሻውን ጥሪልኝ። ቅዳሜን አልጠብቅም።"

በማግስቱ መጣ። ከጫግኒ አንድ ኩርቱ ፌስታል ማንጎ ይዞ፣ በሩ ላይ እንደ እንግዳ ቆመ። አንተ ስለማታየው ፊቱን በእጅህ ዳሰስኸው፣ ሸብተሃል እንዴ አልኸው፣ ከዚያ ወዲያ በአዊኛ ገባችሁበት። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ከአዊኛ ሰላምታና የገበያ ቃል እንጂ ሌላ አላውቅም፣ አስተምርሻለሁ እያልህ ነው የሞትኸው። ብርጭቆ እያቀረብሁ፣ ማንጎ እየላጥሁ ተቀመጥሁ። ስሜ ሁለቴ ተነሳ። በመሀል አንተ ሳል እስኪያፍንህ ድረስ ሳቅህ፣ እሱም እንባውን እየጠረገ ይስቃል። የልጅነት ወግ ነው ብዬ ተውኋችሁ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቆየህልኝ።

ካለፍህ በኋላ ትራንስፎርመሩ ተቀየረ፣ መብራቱ መጣ፣ ድራማውም ደርሶ አለቀ። አየሁት። ወንድማማቾቹ አልታረቁም። ታናሽየው ድርሻውን ለባዕድ ሸጦ አገር ጥሎ ሄደ። ያን ቀን ነው ቴሌቪዥኑን ጨርቅ ያለበስሁት። አስበው እስቲ፤ በዕድሜህ ለተማሪ እንኳ ዋሽተህ የማታውቀውን ሰው፣ በሞት አልጋህ ላይ አታልዬ ይቅር አሰኘሁህ። ይቅርታህ ያንተ ነው ወይስ የኔ ተንኮል? ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ስለ ቴሌቪዥን መሆኑን ሲሰሙ በቅጡ ሳያደምጡኝ ስገጂ ብለው ሸኙኝ። ሰገድሁ። ልቤ ግን አላረፈም። ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ገልጬ ሁለት ገጽ መዝለቅ ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ባለፈው፣ ሙት ዓመትህን አውጥተን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ስንሻው እንደመሄድ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ካንተ የተቀበለው መልእክት እንዳለው ነገረኝ። ባለፈው ጳጉሜ ሊነግረኝ መጥቶ የለቀስተኛውን ብዛትና የኔን ፊት ሲያይ ይሄ የጨዋታ ነገር እንዴት ይወራል ብሎ ዋጠው። ለካ ያን ቀን በአዊኛ የነገርኸው የልጅነት ወግ አልነበረም። የኔን ድራማ ነበር፣ ከተሰበረው መዘውር እስከ መቃብሩ ድረስ፣ አንድ ሳታስቀር። እንዴት እንደነቃህብኝም ነገረኝ። የወንድማማቾቹ እናት ለካ ድራማው ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ክፍል ሞታ ተቀብራለች። አብረን ነበር ያየነው፣ አልቅሼላታለሁም። እኔ በጭንቀቴ ረስቼው።

እንዲህ አልኸው አሉ፦ "ይቺ ሴት አንተን ወደ ቤቴ ለማስገባት ያችን ምስኪን ሁለተኛ ገደለቻት። የዘንድሮ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ጳጉሜ ሲገባ ንገራትና ደብተሩ ላይ ትጻፍልኝ።"

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ተናደድሁ። አንተ ሰውዬ፣ አውቀህ ነው እንዴ አልጋህ ላይ እንደ ሕፃን አፍህን ከፍተህ የሰማኸኝ? እኔ በፍርሃት ነጠላዬን ስጨመድድ አንተ በሆድህ ትስቅ ነበር? ከዚያ ስንሻው ፊት፣ የማላለቅስ ሴት ነኝ ስል ኖሬ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ምስኪን ደንግጦ ማንን እንደሚጠራ ጨነቀው። ያለቀስሁት ግን በሐዘን ብቻ አይደለም። አልተታለልህም። ድራማው ውሸት መሆኑን እያወቅህ፣ ውስጡ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ገብቶህ፣ ወንድምህን በገዛ አፍህ ጠራኸው። ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ያን ቀን ለቀቀኝ። ማታውን እህል በላሁ፣ ተኛሁም።

እንግዲህ ደብተሩን ገልጬአለሁ። ባለፈው ዓመት ገጽ ላይ፣ ከመጽሐፍ በሚለው ፊት ለፊት ሁለታችንም ባዶ ነን፤ እንዲያው ባዶውን ተውሁት። ከቴሌቪዥን በሚለው ሥር ያንተን ምርጫ እንዳዘዝኸው ጻፍሁ። የራሴ ምርጫ ተከታታይ ድራማ አይደለም፣ በቴሌቪዥንም አልታየም። ሁለት የሸበቱ ወንድማማቾች አንድ አልጋ ላይ ተደጋግፈው፣ በማላውቀው ቋንቋ እኔን እያሙ ሲስቁ፣ እኔ ማንጎ እየላጥሁ ያየሁትን ነው የጻፍሁት። በዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ አላየሁም።

በሕይወት እስካለሁ ድረስ ጳጉሜ በገባ ቁጥር አዲስ ገጽ ከመግለጤ በፊት ያን ገጽ አነባለሁ፤ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ በስፌት መኪና አነባበቤም ቢሆን። አልረሳህም፣ ፈንታሁን። ምርጫዬ ሕጋችንን ያፈረሰ እንደሆነም አውቃለሁ፤ በቴሌቪዥን ያልታየ አይቆጠርም ትለኝ ነበር። ምነው መጥተህ በተከራከርኸኝ።

ጥሩዓለም