ቱቦው ላይ የጻፍኩት ስምሽ

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። የምጽፍልሽ ወተት ስትለኪ ትቀመጪበት በነበረው ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ላሞቹን አክስቴ ወደ እንጦጦ ወስዳቸዋለች፤ ቡሬ ወልዳለች፣ ሴት ናት። በረቱ ባዶውን ቀርቷል። የአንድ ለአምስቱ ተጠሪ በሳምንት ሁለቴ ብቅ እያለ ብቻዬን እንዴት እንደምኖር፣ ማን እንደሚመጣብኝ ይጠይቀኛል። ድሮ ለደኅንነቴ አስቦ ነው እል ነበር። አሁን ለደኅንነቴ ያስባል የምለው ሰው አልቆብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ትንሹ ወንድሜ ናቲ የታመመበትን ኅዳር እኔም አልረሳሁም። ስምንት ወሩ ነበር። ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ጎረቤቱ ሁሉ ጥርስ ሊያወጣ ነው አለሽ፤ አንቺም አመንሽ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ሲጎደጉድ አዝለሽው ወደ ቀበና ስትሮጪ ነጠላሽን ይዤ ከኋላሽ ነበርኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ከጀርባሽ ያወረድሽው ልጅ አልተንቀሳቀሰም። የተማርኩት ለዚያ በር ነው።

ቅልሽን በወይራ አጥነሽ፣ ከታች ትንሽ የቆየ እርጎ ሳታስቀሪ አዲስ ወተት አትጨምሪበትም ነበር። ከዚያ እርጎ አንዲት ለሆድ የምትስማማ ባክቴሪያ ለየሁ። እንደ ናቲ ያሉ ሕፃናትን የሚያስቀምጠው ቫይረስ አንጀታቸው ላይ ሳይጣበቅ ይዞ የሚያስቀር ፕሮቲን እንድትሠራ ጂን አስገባሁባት። ገና ከብልቃጥ አልወጣችም፣ ሕፃን አፍ አልደረሰችም። ግን ፕሮቲኑን ሠራች። የነገርኩሽ ቀን ሳቅሽ፤ «እና ጀርሟን ዘበኛ ልታደርጊያት ነው? ዘበኛ ሲርበው ይሸጥሻል፣ ደህና አድርገሽ ቀልቢያት» አልሽኝ።

የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ደንብ ባክቴሪያ በሚቀመጥበት ቱቦ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ ይላል። እኔ «ወማ 3» ብዬ ጻፍኩ። ከቅልሽ ለይቼ ያወጣኋት ሦስተኛዋ ስለሆነች ሦስት፤ ወማ ደግሞ ወለተ ማርያም፣ የክርስትና ስምሽ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከቀብርሽ ማግስት የመመረቂያ ጥናቴ አማካሪ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ይዘው፣ መብራት እየጠፋ ስለሆነ ሥራዬ እንዳይበላሽ ቱቦዎቹ ያሉበትን የፍሪዘር ቁልፍ ልያዝልሽ አሉኝ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ማን ይጠረጥራል? ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እንዲያውም አመሰገንኳቸው።

ሥራ ስመለስ ቱቦሽ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቶ ተጥሏል ተባልኩ። ከጎኑ የነበሩት የሌሎች ሰዎች ቱቦዎች ደህና ነበሩ። ከማስታወሻ ደብተሬ ሁለት ቅጠል በምላጭ ተቆርጧል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት አብራኝ የምትሠራውን ትዕግሥትን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ሳህን ያጠበችልኝን ልጅ ሌባ አድርጌ አንድ ወር አላናገርኳትም። ይቅር ብላኛለች፣ እኔ ግን ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት ያው አማካሪዬ የእኔን ግኝት የራሱ አድርጎ በጉባኤ ላይ አቀረበ። ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም። ግድግዳው ላይ «ወማ 3» የሚል በትልቁ ተጽፎ አየሁ። ተነሥቼ ከየት እንዳመጣት ጠየቅሁት። ከገጠር ሰብስቤ ነው፣ ፊደሎቹ የቀበሌው ስም ናቸው አለ። የትኛው ቀበሌ ስለው በሐዘኔታ ፈገግ ብሎ፣ «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ እረፍት ያስፈልግሻል» አለኝ። አዳራሹ ሁሉ አዘነልኝ። እሱ የመጣው ለድንኳኑ ነው፣ ፍትሐትሽ ላይ አልነበረም። ካህናቱ በምን ስም እንደሸኙሽ አልሰማም።

በማግስቱ ቢሮው ጠርቶ ወረቀት ሰጠኝ። ዕቃ በማጠብና በመለካት ብቻ እንዳገዝኩ፣ በባክቴሪያዋ ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለኝ የሚል ነው። እስከ ሰኞ ከፈረምኩ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ። ካልፈረምኩ ግን፣ የሚቀበለኝ ሌላ አማካሪ አገኝ እንደሆነ እናያለን አለኝ።

ከቅሉ እንደገና ልጀምር ብል ደግሞ በሠልስትሽ አክስቴ በኦሞ አጥባ ፀሐይ ላይ ሰቅላዋለች። ያን ሳይ ጮኼ ያለቀስኩት ለቅሶ ከቀብርሽ ይበልጥ ነበር። ሰው አንቺን አስታውሳ ነው አለ።

ከዚያ እትዬ ሠናይት ትዝ አሉኝ፣ ታች ያሉት ጴንጤዋ ጎረቤታችን። ልጃቸው የወለደች ጊዜ ከቅልሽ እርጎ ቀንሰሽ፣ ለእርሾ ሳታስቀሪ ጨርሰሽ እንዳትጠጪው ብለሽ ሰጥተሻቸው ነበር። ሄጄ ስጠይቃቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እናትሽ የሰጠችኝን ልታስመልሺ ነው?» አሉ። ሁለት ማንኪያ ብቻ ብዬ ማልኩላቸው። በማርማላታ ጠርሙስ ቀድተው ሰጡኝ፣ ጠርሙሱንም መልሺ አሉኝ።

ትዕግሥት ከእርጎው ያለውን ባክቴሪያ በእሷ ጠረጴዛ ላይ አሳደገችልኝ። በአራተኛው ቀን የማውቃቸው ነጫጭ ነጥቦች ወጡ። መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ የእኔዋና የእሱ ባክቴሪያ ጂን ተነብቦ እንዲነጻጸር፣ የእሱም ቱቦ በሌላ ሰው ፊት እንዲከፈት ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስት ቅጂ አለኝ፤ አንዱን የት እንዳስቀመጥኩት ለትዕግሥት እንኳ አልነገርኳትም።

ነገ ሰኞ ነው። አልፈርምም። ሰኔ ይለፈኝ፤ ጂኑን እንደገና ለማስገባት አንድ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፣ ይፍጅ። ናቲንም፣ ያን በርም፣ ያን ሳቅሽንም ይዤ እቆያለሁ።

አዲሱ ቱቦ ላይ ስምሽን ከነሰፈራችን ሙሉውን ጻፍኩት፦ ወለተ ማርያም፣ የካ ሚካኤል። ቦታው ጠቦኝ ፊደሎቹ ዙሪያውን ሄደው ሊገናኙ ትንሽ ቀራቸው። ከእንግዲህ ስምሽን አላሳጥረውም።

ልጅሽ