በቁጥር አሥራ ሰባት ግራ ፒን ሥር ስለነበረችው ቆርቆሮ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ወንበር ፋብሪካችን የጥራት ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ፣

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የቁጥር አሥራ ሰባት መያዣ ሦስተኛ ክለሳ ጸድቋል። በለውጥ መዝገቡ ላይ «ለውጡን ያቀረበው» በሚለው መስመር የሰፈረው የባለቤቴ ወንድም ስም ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ፋይሎችዎ የተሟላ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በመተላለፊያው ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ስላለፈው፣ ወደ እርስዎ ለመድረስ አጭሩ መንገድ ማተሚያ ቤቱ ሆኖ አግኝቼው ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። መያዣ ማለት ገጣጣሚዋ ብሎን ስታጠብቅ የወንበሩን ቱቦዎች በትክክለኛ ቦታቸው ይዞ የሚያቆም የብረት ጠረጴዛ ነው። መያዣው ከተንጋደደ ወንበሩም ተንጋዶ ይወጣል፤ ገጣጣሚዋ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን አታድነውም። ስለዚህ በመያዣ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ፣ የፀጉር ያህል ቢሆን እንኳ፣ በቅጽ ይጠየቃል፣ ይለካል፣ ይፈረምበታል፣ አዲስ የክለሳ ቁጥርም ይሰጠዋል። እኔ በዚህ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መያዣ የሠራሁና የጠገንኩ ሰው ነኝ። ቅሬታዎቼን እርስዎ እንደሚወዱት በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የቁጥር አሥራ ሰባት የግራ ፒን፣ ማለትም ቱቦው የሚያርፍበት የብረት ችንካር፣ ተበልቶ ወንበሮቹ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምሩ፣ ከግሪስ ጣሳ ክዳን አንድ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ ቆርቆሮ ቆርጬ ከፒኑ ሥር አስገባሁና ወንበሮቹ ቀጥ አሉ። በዚያው ቀን ቢሮዎ ድረስ ወጥቼ የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ቅጹ ለመሐንዲሶች ብቻ እንደሆነ፣ ደግሞም እኔ ካወቅሁት እንደሚበቃ በታላቅ ትሕትና ነገሩኝ። በእጄ ላይ የጣሉትን እምነት እስካሁን አልረሳሁም፤ እጄን እንጂ ስሜን እንዳልፈለጉት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ወር ለአሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወጣሁ። ወንበሮቹ እንደገና አዘነበሉ፣ ከእነርሱም አርባ አንዱ ማንም ሳያስቆማቸው ከበር ወጡ። ከተቀበሉት ሰዎች መካከል አንዲት መምህርት በወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጎማዎቹን በእጇ እየገፋች እስከ ፋብሪካው በር ድረስ መጥታ፣ ለጥበቃው «መንገዴን እኔ ልምረጥ እንጂ ወንበሩ ለምን ይመርጥልኛል?» ማለቷን ሰምቻለሁ። ግራ እጇ ከመታገል ብዛት አብጦ ነበር አሉ። ያን ጊዜ የባለቤቴ ወንድም፣ ሠራተኛው «ሚሊሜትር» የሚለው የመምሪያዎ ባለሙያ፣ ካሊፐር የሚባለውን መለኪያውን ይዞ ከመያዣው ሥር ተንበረከከ፤ ግማሽ ቀን ለካ፤ አንድ ነጥብ አምስት አገኘ፤ ቅጹን ሞላ፤ እርስዎም ፈረሙ። እኔ ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ፊርማ እርሱ በስድስት ቀን አገኘ። በሠራተኞች ፊት እጁን ሲጨብጡለት እኔ ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ግን ያስተዋለ አለ።

ይህ ሰው ሰርቆኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተመቸኝ። አልሰረቀኝም፤ ለክቶ ነው ያገኘው። በዚህ ላይ ጨዋ ነው፣ ቁመናው ያምራል፣ ሸሚዙ ቅባት ነክቶት አያውቅም። የተሰጠውን የምስጋና ወረቀት ባለቤቴ መስተዋት አስገብታ ሳሎናችን ሰቅላዋለች። በቤታችን የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ስጠግን እንኳ ከአጠገቤ ቆማ «ለምን ወንድሜን አንጠራውም?» ትለኛለች። ወረቀቱ ትንሽ ወደ ግራ ማዘንበሉን አይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ አላቀናሁትምም።

ሦስተኛ፦ የምቀናው በሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የምቀናው በብረቱም ነው። ቁጥር አሥራ ሰባት መለያ አለው፣ የተሠራበት ቀን ተጽፎለታል፣ ማን እንደነካው፣ መቼና ለምን እንደነካው ይታወቃል፤ በየስድስት ወሩ ጤናው ይመረመራል፤ ሲሻሻል ሦስት ሰው ይፈርምለታል፤ የቀድሞው ንድፍ እንኳ «የተሻረ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት በክብር ይቀመጣል። እኔ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አልተከለስኩም። የግል ማኅደሬ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ የጸጉራም ጎልማሳ ነው፤ በቀደም ዕለት አዲሷ ጸሐፊ አይታው «የልጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ እርስዎም እንዲያውቁት ይገባል። ቆርቆሮዋ ከፒኑ ሥር በራሷ አልጠፋችም። ፈቃድ በወጣሁ ቁጥር አውጥቼ በደረት ኪሴ ይዣት እሄድ ነበር። በፊት በፊት የምቀረው ሁለት ሦስት ቀን ስለነበረ፣ የተንጋደዱት ወንበሮች ጥግ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር፤ ገጣጣሚዎቹም «ተውት፣ ጋሼ ሲመጣ ይስተካከላል» ይባባላሉ። ስመለስ ቆርቆሮዋን ከፒኑ ሥር አንሸራትታለሁ፣ ወንበሩ ቀጥ ይላል፣ ሁሉም «እጅህን ይባርከው» ይለኛል። ለዚያች አንዲት ቃል ስል ነው። ስሜ በመዝገብ ካልገባ ቢያንስ መቅረቴ ይታወቅ ብዬ ነው። የመምህርቷ እጅ ያበጠው በዚህ ነው።

ሚሊሜትር ይህን ያወቀው ከፒኑ ሥር በጠቆረው ቅባት መካከል አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አይቶ ነው። እሑድ ምሳ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የነበረችው ነገር የት ሄደች?» አለኝ። ቆርቆሮዋን ከኪሴ አውጥቼ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጥኳት። «ምነው ብትነግረኝ?» አለ። እህቱ ቀበል አድርጋ «ለእኔስ መቼ ነገረኝ? ሸሚዙን ሳጥብ ስንቴ ጣቴን ቆረጠችኝ» አለች። እርሱም ለእርስዎ ባቀረበው ሪፖርት ላይ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈ። እኔን ለማዳን ቢዋሽ ኖሮ ቢያንስ በአንድ ነገር እበልጠው ነበር፤ ይህንንም ነፈገኝ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜን በመጻፍ ቀለምዎን ስላላባከኑ አመሰግናለሁ። የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የመያዣ ክፍሉን ቁልፍ ለያዘ ሰውም እንዲፈቀድ ስለወሰኑ አመሰግናለሁ፤ ውሳኔው የደረሰኝ ቁልፉን እንዳስረክብ ከሚጠይቀው ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ ነው፣ ለወረቀት ያለዎትን ቁጠባ አደንቃለሁ። ያልተመዘገበ ለውጥ በማድረጌ ወደ መለዋወጫ መጋዘን እንድዛወር ለኮሚቴው ላቀረቡት ሐሳብም ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በዚያ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ቁጥር ስላላቸው፣ ምናልባት እኔም በስህተት አንድ ይደርሰኝ ይሆናል።

የመምሪያዎ ማኅተም ቀለሙ አይንጠፍ፤ ወንበርዎም ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያዘንብል። ስሜን በመዝገብዎ ለመፈለግ እንዳይደክሙ በማሰብ በሙያዬ ብቻ ፈርሜያለሁ።

ታዛዥዎ፣
የመያዣ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ቁልፉ እስካሁን በእጁ ያለ

ሳልረሳው፦ ሦስተኛው ክለሳ በታዘዘው መሠረት ከግራው ፒን ሥር አንድ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር የሆነ ቋሚ ብረት ተበይዷል። ዓርብ ዕለት ደግሞ የጥገና ክፍል በራሱ መርሐ ግብር መሠረት የተበላውን ፒን አውጥቶ አዲስ ተክሏል። ቆርቆሮዬ የተለካችው ለተበላው ፒን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ወንበር ለካሁ፤ ሦስቱም አሁን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የፒኑ መቀመጫም በዓመታት ጥቂት ስለተበላ፣ አሁን የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ አምስት ሳይሆን ዜሮ ነጥብ ስድስት ነው። መያዣውን ማስቆም የሚችለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ስለሆነ ስልክ ደውዬ ነበር፤ ለስብሰባ እየተዘጋጁ ስለሆነ እንዳይረበሹ ተነገረኝ።

ስለዚህ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ሞልቼ ጠረጴዛዎ ላይ አኑሬያለሁ። «ሁለተኛ ለኪ» በሚለው ቦታ ሚሊሜትር ፈርሞበታል፤ ፊርማው ከእኔ ያምራል። ቅጹን እርሱ ራሱ ቢያቀርበው በወደደ፤ ነገር ግን የአንድን ክለሳ እርማት ክለሳውን ያቀረበው ሰው እንዳያቀርብ ሕግዎ ይከለክላል። ቁልፉን ያስረከበ ሰው ያቀረበው ቅጽም በዚሁ ሕግ ይሰረዛል። በኮሚቴው አጀንዳ ላይ ቁልፉን የማስረክብበት ዝውውሬ ተራ ቁጥር ሦስት ነው፤ ቅጼ ተራ ቁጥር አራት። ቆርቆሮዋን ከቅጹ ጋር አያይዤያታለሁ፤ ከእንግዲህ ኪሴ ውስጥ የለችም። ቁጥር አሥራ ሰባት በቀን ሃያ ሁለት ወንበር ያወጣል፤ ስብሰባው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።